ሰው ታውቃለህ?

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ቦንጋ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ሁለተኛው ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነው። «እ… የት? … ስንት?» አለችና ፊቷ ጠቆረ። ከዚያም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረችና፣ በአገራችን «እንዴት አደራችሁ» ከሚለው ቀጥሎ አብዝተን የምንጠይቃትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ እዚያ ሰው ታውቃለህ?»

እዚያ ማለት ከጎጀብ ማዶ ነው። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የአንድ ቡና ነጋዴ ፒካፕ ይነዳል። ወደ ጅማ ሲሄድ በአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ በራዳር ያዘው። የሚፈቀደው 60፣ እሱ የበረረው 97። መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ፣ ወረቀት ተሰጠው፣ ቅጣቱን ከፍሎ እንዲወስድ ተነገረው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እህቴም ያን ያህል ባልደነገጠች። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 ከወጣ ወዲህ ግን የአሽከርካሪ ጥፋት በብር ብቻ አያልፍም፤ በነጥብ ይመዘገባል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ያሳግዳል። የእኛ ልጅ ደግሞ ከዚህ በፊት ያስመዘገበው አለው። ይሄኛው ከተጨመረ ለወራት መሪ አይጨብጥም። መሪ ካልጨበጠ ደግሞ ነጋዴው ሌላ ሹፌር ይቀጥራል እንጂ ቡናውን ይዞ አይጠብቀውም።

ቤቱ ወዲያው ሸንጎ ሆነ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ጠበቃ ሆነው ቁጭ አሉ። «ታርጋውን አይቶ ነው የያዘው!» አለ አንዱ። «የራሳቸው ልጆች እየበረሩ ሲያልፉ ማን ያያቸዋል?» ሌላዋ ደግሞ በልጁ ሞኝነት ተናደደች፤ «ሁለት መቶ ብር ለሻይ ብሎ ማለፍ እንዴት ያቅተዋል?»

ስለ ታርጋው ነገር ትንሽ ልበል። ጎጀብ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ድሮም ድንበር ነበር። የካፋ ነገሥታት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ጋኪ ሼሮቾ ተይዘው መንግሥቱ እስኪያበቃ ድረስ፣ አገሩ በጥልቅ ቦይና በሚጠበቁ በሮች የታጠረ ነበር፤ እንግዳ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ዛሬ በሩም ቦዩም የለም። አስፋልት አለ። ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዙን ተሻግሮ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ኦሮሚያ የሚገባ ሹፌር፣ ልቡ ውስጥ ያ አሮጌ በር ገርበብ ብሎ የቆመ ይመስለኛል። የሌላ ክልል ፖሊስ ሲያስቆመው ሕግ ያስቆመው አይመስለውም፤ ሰው ያስቆመው ነው የሚመስለው። ከወዲያ ወደዚህ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። ቅጣቱ ወዲያው ቅጣትነቱ ይቀርና ስድብ ይሆናል።

እንግዲህ ጎረቤታችን ያለው እውነት ነው እንበል። ፖሊሱ የራሱን ሰዎች አሳልፎ የእኛን ልጅ መርጦ ያዘ እንበል። ይሄ ፖሊሱን በደለኛ ያደርገዋል፤ እስማማለሁ። ግን 97ን 60 ያደርገዋል? የፖሊሱ ጥፋት የልጁን ጥፋት የሚያጣጣለት ይመስል፣ ሁለቱን ቀላቅለን አንድ ስኒ ውስጥ ቀዳናቸው።

እህቴ የተናገረችው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። «ለመሆኑ ማን ተጎዳ?» አለችኝ። «ሰው አልገጨ! ዶሮ እንኳ አልገጨ! ያልሞተ ሰው ደም ክፈል ይባላል እንዴ?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልተጎዳም። ይህች ጥያቄ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። በሒሳብ ጎበዝ አይደለሁም፣ ሥነ ጽሑፍ ነበር የማስተምረው፤ ይሄኛው ግን አስቸጋሪ አልነበረም። በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 27 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ሕፃን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ትሄዳለች። በ60 የሚሄደው በዚያች ሴኮንድ 17 ሜትር ሄዶ፣ ፍሬን ይዞ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በጠቅላላው 37 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ97 የሚሄደው ለመቆም ወደ 80 ሜትር ይፈልጋል። እዚህ ድረስ ገምቼው ነበር። ያልገመትኩት የሚቀጥለውን ነው። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ሹፌሩ «እግዜር ይመስገን» በሚልበት በ37ኛው ሜትር ላይ፣ ሁለተኛው መኪና ገና በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። ሦስቴ ደመርኩት። ያው ነው።

በዚያች ከተማ መግቢያ ላይ ልጆች ጄሪካን ይዘው መንገድ ያቋርጣሉ። እኔም አልፌ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ባለፈባት ደቂቃ ማንም አላቋረጠም። ይሄው ነው፤ ያዳነው ጄሪካኑ ገና አለመሙላቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የሚባሉ ሁለት ፈላስፎች ይህን ጉዳይ አንስተው ነበር፤ «የግብረ ገብ ዕድል» ልንለው እንችላለን። ሁለት ሹፌሮች እኩል ተዝረክርከው ይነዳሉ፤ የአንዱ መንገድ ላይ ልጅ ይገባል፣ የሌላው ላይ አይገባም። ሁለቱም በልባቸው ያደረጉት አንድ ነው። እኛ ግን አንዱን ነፍሰ ገዳይ እንለዋለን፣ ሌላውን ምንም አንለውም። የእኛም ሕግ ያው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ አንድን ደንብ ሆን ብሎ በመጣስ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይላል። ያው ጥሰት ሰው ካላገኘ ግን በጥቂት ብርና ነጥብ ያልፋል። በአሥራ አምስት ዓመትና በአንድ ደረሰኝ መካከል ያለው ልዩነት የልጁ ጠባይ አይደለም። የአንዲት ሕፃን እርምጃ ነው።

ፈላስፎቹ ይሄ ፍትሕ ነው ወይ ብለው ተጨነቁ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ማንም አልተጎዳም ብለን ምሕረት ስንለምን፣ ምሕረቱን የምንለምነው ማንን ነው? ይቅር ማለት የተበደለ ሰው ነገር ነው። እዚህ የተበደለ የለም፤ ሊበደል የሚችለው ደግሞ ስሙን አናውቀውም፣ ከመንገዱ ዳር የሆነ ቤት ውስጥ እንቅልፉን ይተኛል። ፖሊሱ በስልክ «ለእርስዎ ስል ትቼዋለሁ» ሲለን የሰጠን የራሱን ንብረት አይደለም።

እንዲያው ለነገሩ፣ እኛ ፍጥነት እንደሚገድል የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ነን! አይሱዙን «አልቃይዳ» ያለ ሕዝብ! በየትኛውም የሥነ ጽሑፍ ክፍል ይህን የመሰለ ስም አወጣጥ አላስተማርኩም። መንገድ ላይ የሚጠብቀንን በትክክል እናውቃለን፣ በትክክል እንሰይማለን፣ ከዚያ የራሳችን ልጅ ሲያዝ ስልክ እናነሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ቀዳሚው ገዳይ ይሄው ነው። ወባ አይደለም። ጦርነትም አይደለም። የእህቴም ልጅ፣ ጄሪካን የያዘችውም ልጅ እዚህ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

የቅጣቱ ብር ራሱ ብዙ አያሳስብም። ለነጋዴው የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው፣ ለልጁ የሳምንት ደመወዝ። ፊንላንዶች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቅጣቱን በገቢ ይመድቡታል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንሲ ቫንዮኪ የተባለ የኖኪያ ኩባንያ ኃላፊ 50 በሚፈቀድበት 75 በሞተር ብስክሌት ሲበር ተይዞ 116 ሺህ ዩሮ ተፈረደበት። በኋላ ፍርድ ቤት በብዙ ቀነሰለት። እኛ ጋ ቢሆን ከሞተሩ ሳይወርድ ስልክ ይደውል ነበር።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ሰው አውቃለሁ። እዋሻለሁ እንዴ? በዚያ አካባቢ ኃላፊ የሆነ የድሮ ተማሪዬ አለ፣ ቁጥሩም ስልኬ ውስጥ አለ። ክፍል ውስጥ የፕላቶን «ጎርጊያስ» ስንነጋገር ከሁሉ አብዝቶ የሳቀው እሱ ነበር። ሶቅራጥስ እዚያ ላይ የሚለው በእርግጥ ያስቃል፤ የንግግር ችሎታ ያለው ሰው ችሎታውን ልጁንና ወዳጁን ከቅጣት ለማስጣል ሳይሆን፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም እንደሚወሰድ ሁሉ ወደ ዳኛ ለመውሰድ ይጠቀምበት ይላል። ተማሪዎቼ ሳቁ። «መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም እንዴ?» አለ ያ ልጅ። እኔም ሳቅሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ በሚባልበት አገር ሌላ ምን ይደረጋል?

አህያን ካነሳሁ፣ ያችን የታክሲ ቀልድ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ውሻ፣ ፍየልና አህያ አብረው ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፈለች፤ ስለዚህ ዛሬም መኪና ሲመጣ መሐል መንገድ ላይ ኮርታ ትቆማለች። ፍየል ሳትከፍል ወረደች፤ መኪና ስታይ ትሸሻለች። ውሻ ከፍሎ መልሱን አልተቀበለም፤ ዛሬም እየጮኸ ያባርራል። ስንሰማት የምንስቀው በፍየሏ ብልጠት ነው። ልጆቻችንን ግን የትኛዋን እንድትመስሉ ብለናቸው እናውቃለን?

በማግስቱ ጠዋት ልጁ መጣ። ጓሮ ኮረሪማው ጥላ ሥር ይዤው ወጣሁና፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ሜትሩንም ፈላስፋውንም፣ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ስጨርስ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ አንተ ግን ያኔ ደወልክ» አለኝ።

«መቼ?»

«ለክረምት አዲስ አበባ ስትወስደኝ። ትራፊክ ሲይዝህ።»

አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ከኋላ ወንበር ላይ ብስኩት ይበላ ነበር። ፍጥነት ነው የያዘኝ። ለአንድ ተማሪዬ ደወልኩ፣ «መምህር፣ ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ይሆናል!» አለኝ፣ ስልኩን ለፖሊሱ አቀበልኩት፣ ፖሊሱ ሰላምታ ሰጥቶ መንጃ ፈቃዴን መለሰ። ይህን ወሬ ለዓመታት በየጠረጴዛው ሳወራው ኖሬያለሁ፤ ማስተማር ደመወዝ ባይኖረውም ክብር አለው ለማለት። ልጁ ከኋላ እንደነበረ ግን ረስቼዋለሁ።

«ስንነሳ ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «‹ሰው ማወቅ ጥሩ ነው› አልከኝ።»

ምን ልበለው? ለሰላሳ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ፤ ሰው ቃሌን በዚህ ጥራት ይዞልኝ አያውቅም።

አልደወልኩም። እህቴ ምክንያቴን አልተቀበለችም። «ያንተ ሶቅራጥስ ለልጄ ደመወዝ ይከፍላል?» አለች። አይከፍልም። «አንተ ስትያዝ ሕጉ የት ነበር?» አለች። ለዚህም መልስ የለኝም። በራሴ ጊዜ የበላሁትን ምሕረት በልጇ ጊዜ ነው የከለከልኩት፤ ይሄ ፍርድ የተጣመመ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቸኛው መከላከያዬ፣ አሁንም ከደወልኩ ልጁ ሁለተኛውንም ትምህርት ከእኔው ይወስዳል የሚል ነው። እሷ ግን መከላከያ አልፈለገችም፤ ልጇ ሥራ እንዳያጣ ነው የፈለገችው። ነጋዴው ሌላ ሹፌር ቀጠረ። በዓሉ ሲያልቅ እህቴ ስትሸኘኝ ማር ቋጠረችልኝ፤ ግን እንደ ድሮው እስከ በር አልወጣችም።

ከዚያ በፊት ግን ልጁን ይዤ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ነበር። መንጃ ፈቃድ ስላልያዘ የነዳሁት እኔ ነኝ። ተራ ጠበቅን። የቢሮው ልጅ ታርጋችንንም ዘራችንንም ሳይጠይቅ ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠ፣ እግዱን በጽሑፍ ሰጠን። ልጁ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ወጣን፤ ደኑ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ነው፣ አስፋልቱ ባዶ ነው፣ እኔም ስለ እህቴ እያሰብኩ ነበር። ቦንጋ መግቢያ ላይ ልጁ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ዳሽቦርዱን አየ።

«ጋሼ፣ ሰማንያ ነህ» አለኝ።

እግሬን አነሳሁ።