«እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ይገባልን?



ስለ እርጅና መጻፍ የሽማግሌ እንጂ የወጣት ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ እርጅና የሚደርስበት ሰውና እርጅናን አስቀድሞ የሚያየው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አባት ገና «ደኅና ነኝ» እያሉ፣ አብሯቸው የሚኖረው ልጅ እግራቸው መጎተት መጀመሩን፣ ለቀበቶአቸው አዲስ ቀዳዳ መበጀቱን፣ ቀድሞ ሳያርፉ ይወጡት የነበረውን ዳገት አሁን ሁለት ጊዜ ቆመው እንደሚወጡት ያያል። አይቶስ ምን ይላል? «እርጅና ነው» ይላል። ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዳቸውም የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው፣ ይህን ብሎ ማለፍ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው። አረጋዊው ያልተናገሩትን ድካም የጤና ሠራተኛው ፈልጎ የማግኘት ግዴታ አለበትን? ፈልጎ ካገኘስ በኋላ ምን ዕዳ ይመጣበታል?

«እርጅና ብቻህን ና» ይባላል። አነጋገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ትልቅ ማስተዋል አለበት፤ እርጅና አንድ ነገር፣ አስከትሎት የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ይለያልና። ሁለት የሰባ አምስት ዓመት አዛውንቶችን እናስብ። አንደኛው ጉንፋን ይይዛቸውና ሦስት ቀን ተኝተው ይነሣሉ። ሁለተኛው በዚያው ጉንፋን ይወድቃሉ፣ አእምሮአቸው ይዋልላል፣ ከአልጋ ከወረዱም በኋላ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ዕድሜአቸው እኩል፣ ሕመማቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በስንቅ ነው። የአንደኛው ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው አለው፤ የሁለተኛው ግን አልቋል። ምሰሶው በምስጥ የተበላ ጎጆ በበጋ ሲያዩት እንደ ጎረቤቱ ጎጆ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚታወቀው ክረምቱ ገብቶ ነፋስ የመታው ዕለት ነው። ለዚህ ሁኔታ በአማርኛ የተለመደ ስም ስላላገኘሁለት «የአቅም መሟጠጥ» እለዋለሁ። «አቅመ ደካማ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው ዕድሜአቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ5,300 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ መርምረው ይህን ሁኔታ በአምስት ምልክቶች ለይተው አቀረቡት። እነዚህም ሳያስቡት በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ያህል መክሳት፣ ሁሉም ነገር ማታከት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ የተገኙበት ሰው አቅሙ ተሟጧል፤ አንድ ወይም ሁለት የተገኙበት ወደዚያው በማምራት ላይ ነው። ከተመረመሩት መካከል አቅማቸው የተሟጠጠው 7 በመቶ ያህል ነበሩ። ከዚህ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ነገር ነው። ከእነዚህ 7 በመቶዎች ውስጥ ከአራቱ አንዱ ያህል የተደራረበ በሽታም ሆነ ዕለታዊ ኑሮውን የሚያውክ የአካል ጉድለት አልነበረበትም። እንግዲህ በበሽታ መዝገብ ብቻ የሚፈልጋቸው ሐኪም ባላገኛቸውም ነበር ማለት ነው።

በጥያቄስ ይገኛሉን? እኛ ዘንድ «እንዴት ሰነበቱ?» ተብሎ የተጠየቀ አረጋዊ የሚመልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው። መልሱ ምስጋና ነው፤ የጤና ዘገባ አይደለም። ጠያቂው ነጭ ካፖርት ስለለበሰም አይለወጥም። ከዚህም በላይ ብዙ እናቶች ድካማቸውን የሚደብቁት ለልጆቻቸው ሸክም ላለመሆን ነው። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ ማየት ይሻላል። አራት ሜትር ለመራመድ ከአምስት ሴኮንድ በላይ የሚወስድበት ሰው ሊመረመር ይገባል ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አረጋዊው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሡና እንዲቀመጡ ይጠየቃሉ፤ በ14 ሴኮንድ ውስጥ ካልፈጸሙት ተጨማሪ ምርመራ ያሻቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወንበርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። በቤታችንም ቢሆን ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ከዱካ ላይ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው ተደግፈው የሚነሡትን፣ በቅዳሴም ዘወትር ከሚቆሙበት ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው የተጠጉትን የማያውቅ ማን አለ?

ይህን ካልን በኋላ አንድ ተቃውሞ መስማት ይገባናል። ሰውየው የመጡት ለሳል ነው። ስለ አካሄዳቸው ማን ጠየቀ? ሳይጠየቁ የሰውን ድካም መቁጠር ድፍረት አይሆንምን? ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ የሕክምና ሰዎች ራሳቸውም ተከራክረውበታል። የብሪታንያ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ሕዝቡን በሙሉ እየጠሩ መመርመርን አልደገፈም፤ አረጋዊ በሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ሠራተኛ በቀረበ ቁጥር ግን አቅሙ እንዲታይ መክሯል። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ትክክል ነው። ለሳል የመጣውን ሰው በትክክል ለማከም ስንቁ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና። ለጠንካራው ሰው የሚስማማ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት አቅሙ የተሟጠጠውን ሰው ከልክ በላይ አውርዶ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጣ ሊጥለው ይችላል። እንግዲህ አካሄዳቸውን ማየት ከመጡበት ጉዳይ ውጭ አይደለም። አረጋዊው ዝም ያሉትም ምርመራውን ስላልፈለጉ ላይሆን ይችላል፤ «እርጅና ነው» የሚለውን ቃል እርሳቸውም ከእኛው ተቀብለው አምነውት ነው።

ነገሩ ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል እንግሊዝ አገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድሩ ክሌግና ባልደረቦቻቸው ቀድሞውኑ በሐኪም መዝገብ ውስጥ ካለው መረጃ ላይ 36 ጉድለቶችን እየቆጠረ የአንድን አረጋዊ የአቅም መሟጠጥ የሚገምት የኮምፒውተር ዘዴ አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017፣ በአገሪቱ ያሉ የቤተሰብ ሐኪሞች በውላቸው መሠረት ዕድሜአቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ታካሚዎቻቸው መካከል አቅማቸው የተሟጠጠውን የመለየት ግዴታ ተጣለባቸው። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግምት ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ በራሱ አመዛዝኖ ማረጋገጥ ነበረበት። የባሰባቸውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚወስዱትን መድኃኒት እንዲመረምርላቸውና ባለፉት 12 ወራት ወድቀው እንደሆነ እንዲያነጋግራቸው ታዘዘ። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሆኖም ከስሙ ቀጥሎ መሠራት ያለበት ሥራ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፉን ልብ በሉልኝ። ስም ሰጥቶ ዝም ማለት በሽታን ነግሮ መድኃኒቱን እንደ መደበቅ ነውና።

መጠሪያውና ቁጥሩ ወደ ሌላ ሥራ ሊዞሩ እንደሚችሉም በዚያው አገር ታይቷል። በካናዳ ኬኔት ሮክውድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የአረጋውያንን አቅም ከጠንካራው እስከ ፍጹም ደካማው በደረጃ የሚያስቀምጥ መለኪያ አውጥተው ነበር፤ መጀመሪያ ሰባት፣ ኋላ ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት። ኮሮና በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም መጋቢት 20 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ፈጣን መመሪያ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባውንና የማይገባውን ለማመዛዘን ይኸው መለኪያ በአዋቂዎች ሁሉ ላይ እንዲሠራበት አደረገ። የአካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ወዲያው ጮኹ። ለምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው እርዳታ የሚሻ፣ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ወጣት በዚያ መለኪያ የመጨረሻ ደካማ ሆኖ ይቈጠር ነበርና። ከአምስት ቀን በኋላ መመሪያው ታረመ፤ መለኪያው ለወጣቶችና ለቋሚ አካል ጉዳተኞች እንዳይውል ተባለ።

በሐኪሞቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። አልጋ ባነሰበት ቀን አንድ ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕክምናም በተሟጠጠ ሰውነት ላይ አንዳንድ ጊዜ ሥቃይን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም። ነገር ግን ሰውን ለመርዳት የተሠራው ቁጥር ሰውን ለመለየት ሲውል ያየ ሁሉ፣ አንድ አረጋዊ «ለምን ትለካኛለህ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄአቸውን እንደ ግትርነት ሊቆጥረው አይችልም።

«አቅመ ደካማ» የሚለውን ቃል የተውሁትም በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን ይህ ቃል የሚሰማው እህልና ብርድ ልብስ ሲታደል፣ የፈረሰ ቤት ሲጠገን ነው። የምጽዋት መዝገብ ቃል ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጤና ጣቢያ ገብቶ በዚህ ስም ተመዝግቦ ቢወጣ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። አልፎ ተርፎም የጤና ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ የሚያነጋግረው አብሮ የመጣውን ልጅ ነው። «አባትህ ምግብ ይበላሉ? ይተኛሉ?» እየተባለ አባትየው እዚያው ተቀምጠው በሦስተኛ ሰው ይወራባቸዋል። አንቱ እየተባሉ ከንግግሩ መውጣት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ክፍል ነው። የእናታችን አቅም መድከሙ ሲነገረን ምን እናደርጋለን? ውኃውን እኛ እንቀዳለን፣ ገበያውን እኛ እንሄዳለን፣ ገና ብድግ ሲሉ «ቁጭ ይበሉ፣ እኛ አለን» እንላለን። ይህ በእኛ አገር ክብር ነው፤ ይህን የማያደርግ ልጅም ባለጌ ይባላል። ሰውነት ግን ይህን ክብር አያውቅም። ያልተሠራበት ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በአረጋዊ ላይ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ተኝቶ የጠፋው ጉልበት ቶሎ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ውጤቱ በታተመ አንድ ጥናት ዕድሜአቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ፣ እግራቸው መድከም የጀመረ 1,635 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የጤና ትምህርት ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በእግር ጉዞ፣ በጉልበትና በሚዛን ልምምድ እንዲበረቱ ተደረገ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 400 ሜትር መራመድ ያቃታቸው ከተማሩት መካከል 35.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ልምምድ ከሠሩት መካከል 30.1 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ቢሆንም መውረድ ብቻ ነው በሚባልበት ዳገት ላይ ጥቂቶች ባሉበት መቆም እንደሚችሉ ያሳያል። እንግዲህ ድካምን ማወቅ «ምን እናስቀምጥልዎ?» ከማለት በፊት «ምን ሥራ እንዳይቀርብዎ ይፈልጋሉ?» ወደሚል ጥያቄ ካልመራን፣ ባናውቀው ይሻል ነበር እስከማለት እደርሳለሁ። እንጀራ መጋገር የማይቻላቸው እናት ሽንኩርቱን እየላጡ ከጓዳው ሥራ ጋር እንዲኖሩ ማድረግ፣ ወደ ገበያ ብቻቸውን የማይሄዱትን ክንዳቸውን ይዞ በእርሳቸው እርምጃ መሄድ፣ ከመላክ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። ችግሩም ይኸው ጊዜ ነው።

በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሥራቸው ሲጀመር ያተኮረው በይበልጥ በእናቶችና በሕፃናት ጤና፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታ ላይ ነበር፤ ይህም የሚገባው ነው። ነገር ግን ሕፃኑን ለማየት በገቡበት ቤት ውስጥ አያት በጥግ ተቀምጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች ሊሠሩበት የሚችሉት ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ አእምሮን፣ አካሄድን፣ አመጋገብን፣ ዐይንን፣ ጆሮንና የመንፈስ ጭንቀትን ይመለከታል። በእንግሊዝ ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከ65 ዓመት ነው። እኛ ዘንድ ግን የልደት ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ዕድሜአቸውን «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የተወለድሁ» ብለው በዘመን ይቆጥራሉ። እርምጃን በሰዓት መለካት የልደት ወረቀት አይጠይቅም።

ስለ አንድ ነገር ግን ገና አሳቤን አልቆረጥሁም። አረጋዊው ነገሩን በሚገባ ተረድተው «ልጄ፣ አልለካም፤ እንዳለሁ ተወኝ» ቢሉስ? ጓደኞቼ ከሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ጋር በዚህ ስንከራከር አንዱ «ለጤናቸው ነውና መገፋፋት ይገባል» አለ፤ ሌላው «ሙሉ ሰው ናቸው፣ አበቃ» አለ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን «አበቃ» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። እንቢታቸው የተናገረው ስለ ዛሬ ነው። በሚቀጥለው ወር ለመድኃኒት ሲመለሱ ያው ሠራተኛ ያለ ሰዓት፣ ያለ መዝገብ፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመዱ ዐይኑ ያያቸዋል፤ እንዳላየ መሆንም አይችልም። ያየውን ምን ያድርገው? እዚያው በሩ ላይ ተቀብሎ ክንዱን ቢሰጣቸው፣ ሲቀመጡም ለልጃቸው ሳይሆን ለእርሳቸው «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነበር?» ቢላቸው፣ ምናልባት ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ቀጥሎ ሌላ ቃል ይጨምሩ ይሆናል።