ጅማን ማን ያውቃታል?

«ከተማን ማየት የፈለገ እንደ አገሬው ሰው ሆኖ ይይ» የሚል ምክር አለ። ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ውስጡ ግን ያልተመረመሩ ሦስት ነገሮች አሉ፦ አገሬው ከተማውን ያውቃል፤ እንግዳ አያውቅም፤ እንግዳ አገሬውን ከመሰለ ያውቃል። አንዱንም ሳልፈትን ልቀበል አልወድም። መፈተኛዬ ጅማ ትሁን፤ የምኖረው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ነዋሪ ከተማውን ይጎበኛል ወይ? አይጎበኝም። ከቆጪ ሰፈር ባጃጅ ይዞ መርካቶ የሚሄድ ሰው ጉዳይ አለው። ዕዳ ሊከፍል ነው፣ ልብስ ሊያሰፋ ነው፣ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ጉዳዩን ሲጨርስ ይመለሳል። መንገዱን ያየው ለማየት ብሎ አይደለም። እንግዲያው «እንደ ነዋሪ ልጎብኝ» የሚል እንግዳ፣ ነዋሪው የማያደርገውን ነገር በነዋሪው ስም ሊያደርግ ይነሳል።

«ቃል አትያዝ» ይለኛል ተቃዋሚዬ። «ነዋሪው ባይጎበኝም ሲመላለስ ያውቃል። እንግዳው የሚመኘው ያንን እውቀት ነው።» ይሁን። ያ እውቀት ምን እንደሆነ እንይ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል፤ ባለ እንጨት ሰገነት ነው፣ መስጊዱ አጠገቡ ነው። ግማሽ ቀን እዚያ የዋለ ጎብኚ ብዙ ይዞ ይመለሳል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደ ገዙ ይማራል። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዳቆዩ፣ እሳቸው ሲሞቱ ያ ነጻነት እንዳከተመ ይማራል። አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው መሆኑንም ይሰማል። እኔ ደግሞ ጅማ ተወልደው ጅማ ያረጁ፣ በተማሪነታቸው አንዴ ከመሄድ በቀር የጅሬንን ደጅ ያልረገጡ ሰዎች አውቃለሁ። እውቀት ማለት ስለ ነገሩ እውነቱን መናገር መቻል ከሆነ፣ እንግዳው ነዋሪውን በግማሽ ቀን በልጦታል።

እንዲያውም እግር እንኳ አያስፈልግም። ፈላስፋው ካንት ከትውልድ ከተማው ከኮኒግስበርግ ብዙ ሳይርቅ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ስለ ለንደኑ የዌስትሚንስተር ድልድይ ሲናገር የሰማው አንድ እንግሊዛዊ፣ ለንደን ስንት ዓመት እንደኖረ ጠየቀው ይባላል። ካንት ድልድዩን በትክክል ያውቅ ነበር። የለንደን ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ነዋሪው ያለው፣ እንግዳው የሚጎድለው ነገር ትክክለኛ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው? ወደ ገበያው እንውረድ። የዛሬው የመርካቶ አካባቢ የጥንቱን የሂርማታ ገበያ ስም እንደያዘ ነው፤ የገበያው ታላቅ ቀንም ዛሬም ሐሙስ ነው። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሸጥ ሰው አለ እንበል። እንግዳው በርጩማውን ያደንቃል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይገዛል። ከኋላው ያለችው የሰፈር ሴት ገልብጣ ሆዱን ታየዋለች። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ተጠርቦ እንደሆነ ስንጥቅ ትፈልጋለች፣ እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበትን በጣቷ ትዳስሳለች። ይህን እንግዳውም በአንድ ትምህርት ሊማረው ይችላል። የማይማረው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሻጩ «እናቴ፣ የዚያን ጊዜው ደህና ነው?» ይላታል። ይህ በርጩማ ከተሰነጠቀ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። እሷም ዋጋውን አጉል ብታዋርድ በሚቀጥለው ሐሙስ ፊቱን እንደምታየው ታውቃለች። እንግዳውና እሷ አንድ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። ተጠያቂነት ያለው ግን በአንደኛው ግዢ ብቻ ነው።

እንግዲህ የደረስኩበት ይህ ነው። ነዋሪ ማለት ከተማውን የሚያውቅ ሳይሆን ከተማው የሚያውቀው ሰው ነው። ቢጠፋ «የት ጠፋህ?» የሚለው አለ።

«ይህማ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ብዙ የቆየ ሁሉ ይታወቃል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቡና ለቀማ ከሩቅ የሚመጣው ወጣት ብዙ ሳይቆይ ሻይ ቤቱ የዱቤ ደብተር ላይ ስሙ ይሰፍራል። በሆቴል ወር የሚቀመጥ ጎብኚ ስሙ የትም አይጻፍም፤ ሒሳቡን ዕለት ዕለት ይዘጋል። ዕዳ የሌለው ሰው ነዋሪ አይሆንም፤ ቀኑ ቢበዛም።

መወለድም አይደለም። አጋሮ ከጅማ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአጋሮ፣ የየቡ፣ የሊሙ ገነት ገበሬ ጅማ አንድ ሌሊት አድሮ ላያውቅ ይችላል። ሆኖም ጀንፈሉ የሚሸጥበት ዋጋ፣ የታመመ ልጁ የሚሄድበት ሆስፒታል፣ ብድሩ የሚጠየቅበት ቢሮ ጅማ ነው። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት የጅማ ጨርቅ ነጋዴ ለምን እጁን አጣምሮ እንደሚቀመጥ ከከተሜው ቀድሞ ያውቃል። ከተማው የሚያልቀው ሒሳቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማዘጋጃ ቤት ካርታ ሌላ ቢልም።

እስከዚህ ነዋሪውን አወደስኩ። አሁን ራሴን ልቃወም።

የጅማ ዙሪያ ገበሬ ስለ ቡና ችግኝ ሲያወራ 74110 ወይም 74112 ብሎ በቁጥር ይጠራል። የቱ ዛፍ ቶሎ እንደሚያፈራ፣ የቱ ጥላ እንደሚወድ ይነግርሃል። ቁጥሩ ከየት መጣ ብትለው ግን ብዙው ዝም ይላል። ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ተመራማሪዎች ፍሬው ያልጠቆረውን ዛፍ ከየጫካው መረጡ፤ ከጅማ ብዙ ሳይርቅ በመልኮ የምርምር ማዕከል ተፈተነ። 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ገበሬው የዚያን አስጨናቂ ዘመን ስም በየቀኑ ይጠራል፣ አያየውም። ስለ ችግኝ ይህ ጉዳት የለውም። ዛፉ ያው ያፈራል።

ስለ ሂርማታ ግን አለማየት ጉዳት አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐሙስ ሐሙስ እዚያ የሚሸጠው ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና አሞሌ ጨው ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ሂርማታ ከደቡቡ አገር ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዚያ የተነሱት እየተነዱ ወደ ጎጃም ባሶ፣ ከፊሎቹም እስከ መተማና እስከ ምጽዋ ይሄዱ ነበር። ጅሬን ላይ የምናደንቀው ግርማ ከዚህ ገበያ ቀረጥ ተለይቶ አይታሰብም። በርጩማዋን የምትገለብጠው ሴት ይህን አትጠይቅም። እኔም ጎረቤቴን አልጠይቅም።

ለምን? «ረስተነው ነው» ቢባል አልስማማም። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ይህ ከአያት ዕድሜ አያልፍም። የማንጠይቀው ስለምንተዋወቅ ነው። ጥያቄዬ የጎረቤቴን ዘር ሊነካ ይችላል፤ የሻጭ ልጅም፣ የተሸጠ ልጅም አንድ ዕድር ውስጥ ነን። ያወደስኩት ተጠያቂነት ራሱ አፋችንን ዘግቶታል። ጥያቄውን በቀላሉ የሚጠይቀው እንግዳው ነው፤ ማንም ነገ «ለምን እንዲህ አልክ?» አይለውምና። እሱ ግን ጠይቆ አውቶቡስ ይሳፈራል። የነካውን ቁስል ከእኛ ጋር ጥሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ምክሩ በሁለቱም ወገን ጎዶሎ ነው። አገሬውን የመሰለ እንግዳ የአገሬውን ዝምታ ይወርሳል እንጂ እውቀቱን አያገኝም። አገሬው ደግሞ እንግዳ ካልጠየቀው ራሱን አይጠይቅም።

«እንግዲያው መውጫ የለም» ልትለኝ ትችላለህ። አለ ብዬ አስባለሁ። ጥያቄው ወደ ሰው ሲሄድ ያቆስላል፤ ወደ ቦታው ሲሄድ ግን አያቆስልም፤ ገበያ ዘር የለውምና። ከተማዋ ስለ ራሷ እንድትጠይቅ የተሠሩ ቤቶች አሏት። የአባ ጅፋርን ዕቃ የሚያሳይ ሙዚየም አለ። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ጎረቤት አይደሉም፣ ዕድርተኛም አይደሉም፤ ማንንም ሳያሳፍሩ መጠየቅ ይችላሉ። የንጉሡ ወንበር በሚታይበት አዳራሽ ከሂርማታ ተነድተው የሄዱት ሰዎች መንገድም በካርታ ይታይ። ትምህርት ቤቶችም ልጆችን ወደ ጅሬን ሲያወጡ በሂርማታ በኩል ያሳልፏቸው፣ እዚያም ቆመው ይንገሯቸው።

አንተም እንግዳ ከሆንክ በሐሙስ ና። የእውነት የምትገዛው ነገር ይኑርህ። በርጩማውን ገልብጠህ እይ፣ ከዚያ ሌላ ምን ይሸጥ እንደነበር ጠይቅ፤ መልሱን ሳትሰማ አትሂድ።