የዘገየው ፓኬጅ እና የማናውቃቸው ባለውለታዎች

የሞባይል አፕ የሚሠራ ሰው የራሱን ኮድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት የሌሎችን ሥራ፣ ላይብረሪ ወይም ፓኬጅ የሚባለውን ዝግጁ ኮድ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል። ለአይፎን የሚሠራ ከሆነ ለብዙ ዓመታት ይህን ያደረገለት ኮኮአፖድስ ነው፤ ለአንድሮይድ ግሬድል አለ፤ በሪአክት ኔቲቭ የሚሠራ ደግሞ ሁለቱንም ከጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም ጋር ደርቦ ይሸከማል። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ ጥበቃው ግን ሊረዝም ይችላል። ሲረዝም ሁላችንም የምንጠይቀው «እንዴት ላፋጥነው?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእሱ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ የምጠብቀው ምንን ነው? ከማንስ ነው? ይህኛው የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የምንሠራው ሥራ በሌሎች ጉልበት ላይ መቆሙን አፑ ካለቀ በኋላ የሚያስታውሰን ነገር የለም፤ የሚታየን ፓኬጁ እየወረደ ሳለ ነው።

የኮኮአፖድስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር የላይብረሪዎቹ ሁሉ መግለጫ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ባለ አንድ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አንዲት ትንሽ ላይብረሪ የፈለገ ሰው፣ የማይፈልጋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ መግለጫዎች ጨምሮ፣ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ማሽኑ መገልበጥ ነበረበት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ማኅደሩ እየተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ብዙዎች ፕሮግራሙ የቆመ መስሏቸው ያቋርጡታል፤ ሲያቋርጡት ደግሞ ሥራው እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። በ2016 የጊትሃብ መሐንዲሶች ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ አዩት፤ ይህ ማኅደር ሰርቨሮቻቸውን ከልክ በላይ ያደክም ነበር። አንዱ ምክንያት በአንድ አቃፊ ውስጥ እጅግ ብዙ ንዑስ አቃፊዎች መታጨቃቸው ነው። ሌላው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለተጠቃሚው ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የማኅደሩን የለውጥ ታሪክ ቆርጦ የመገልበጥ ዘዴ ተወስዶ ነበር፤ ዘዴው ግን አዲስ ነገር በተጠየቀ ቁጥር ከባዱን ስሌት ሰርቨሩ ላይ ይጥላል። ተጠቃሚው ያተረፋትን ደቂቃ ሌላ ወገን ይከፍልላት ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ሸክሙ የት እንዳረፈ ከታወቀ በኋላ ነው፤ አቃፊዎቹ ተከፋፈሉ፤ በ2019 ከወጣው 1.8 እትም ጀምሮም የሚያስፈልገውን መግለጫ ብቻ ሲዲኤን በተባለ የፋይል ማከፋፈያ መረብ በኩል ማምጣት የተለመደው አሠራር ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታሪኩ የሚያሳየው መዘግየቱ የንድፍ ስሕተት መሆኑን ነው እንጂ ከዚያ ምን ጥበብ ይገኛል?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ መጠበቅ በራሱ ማንንም የተሻለ ሰው አያደርግም፤ የሚባክነውም የሰው ዕድሜ ነው። መዘግየት ይወደስ ማለቴ አይደለም፤ ይመርመር ማለቴ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር በ1927 ባሳተመው ዋና ሥራው፣ መሣሪያ በደህና ሲሠራ ከዓይናችን እንደሚሰወርና ሲሰናከል ግን ጎልቶ እንደሚታይ አስተውሏል። እኔ የምጨምረው፣ የሶፍትዌር ሰንሰለት ሲሰናከል የሚጎላው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው ሰውም መሆኑን ነው። በ2024 መጋቢት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዴቨሎፐር ወደ ሊኑክስ ማሽን በኤስኤስኤች ከርቀት መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ብዙዎቻችን የማንቆጥራትን ያቺን ግማሽ ሰከንድ እስከ ሥሯ ተከተላት፤ ኤክስዜድ በተባለ ፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በርም አገኘ። ኤክስዜድን ለዓመታት የጠበቀው በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ይህ ሰው ደክሞ ሳለ «ሥራው ዘገየ» የሚሉ ወቀሳዎች ይደርሱት ነበር፤ በዚህ ግፊት መካከል ረዳት መስሎ የቀረበው ሰው ነው በሩን የከፈተው። አጥቂው የገባው «ቶሎ በል» በሚል ግፊት በኩል ነው፤ የተያዘውም አንድ ሰው በትዕግሥት ስለመረመረ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። የምንጠቀምበትን ሁሉ መመርመር አንችልም፤ የሥራ ክፍፍል የተፈጠረው እርስ በርስ እንድንተማመን ነው፤ አንድ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ላይብረሪዎችን መስመር በመስመር ያንብብ ማለት አፕ አይሥራ እንደማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ግን መተማመን ሌላ፣ መርሳት ሌላ ነው። በገጠራችን ደቦ የሚጠራ ገበሬ የእያንዳንዱን ሰው ማጭድ አይፈትሽም፤ ማን እንደመጣለት ግን ያውቃል፤ ተራው ሲደርስም ይሄዳል። እኛ ግን የመጣልንን ሰው አናውቀውም፤ የምንሄድበትም ተራ የለንም። በ2018 ኢቨንት-ስትሪም የተባለው የኤንፒኤም ፓኬጅ በየሳምንቱ በሚሊዮን በሚቆጠር መጠን ይወርድ ነበር፤ የጻፈው ሰው ግን ሥራውን ትቶት ስለነበር፣ ልርዳህ ላለው እንግዳ አስረከበው። እንግዳው ኮፔይ ከተባለው የቢትኮይን ዋሌት አፕ የተጠቃሚዎችን ቁልፍ የሚሰርቅ ኮድ በሌላ ፓኬጅ በኩል አስገባ። ጉዳዩ የወጣው፣ አንድ የኮድ ጥሪ ጊዜው እንዳለፈበት የሚናገር ተራ ማስጠንቀቂያ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው በመገኘቱ ነው። ሁሉም ሁሉን እንዲመረምር አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ምልክት ሲታይ እንዳይታለፍ ነው። መዘግየትም እንዲሁ ምልክት ነው።

በጣም የምጠነቀቅለት ተቃውሞ ግን የአዲስ አበባው ወጣት ዴቨሎፐር የሚያነሣው ነው። በገዛ ገንዘቡ በሚሞላው የሞባይል ዳታ ለሚሠራ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥበት ማውረዱን ደጋግሞ ለሚጀምር ሰው፣ ስለ መዘግየት ትርጉም መስበክ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። ምላሼ ይህ ተቃውሞ ክርክሬን ያጠናክረዋል የሚል ነው። የእሱን ጥበቃ ያረዘመው ደካማ መስመር ብቻ አይደለም፤ ፈጣን መስመር ላይ ተቀምጦ፣ ክብደቱ ሳይሰማው፣ ላይብረሪ በላይብረሪ ላይ የደረበ ሰውም አለበት። በ2016 ሌፍት-ፓድ የተባለ የ11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ሲወገድ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገጣጠም አቅቷቸው ነበር። ማንም በደቂቃዎች ሊጽፈው የሚችለውን ነገር ያ ሁሉ ፕሮጀክት በውሰት ይዞት ኖሯል። ስለዚህ የመጠየቅ ግዴታው መጀመሪያ የሚያርፈው መዘግየት በማይሰማው ሰው ላይ ነው፤ እሱ ከዝርዝሩ ያስወጣት እያንዳንዷ ላይብረሪ ለሩቁ ሰው የምትተርፍ ዳታ ናት።

ወጣቱም ቢሆን የሚያፋጥንበት መንገድ ከማወቅ አይለይም። መሣሪያው የሚሠራውን በዝርዝር እንዲናገር ሲያዘው የትኛው ፓኬጅ እንደያዘው ያያል፤ የእትሞቹን መቆለፊያ ፋይል ከኮዱ ጋር ሲያስቀምጥ ማንን እንደተቀበለ በጽሑፍ ይይዛል፤ አንዴ ያወረደውን ለቡድኑ ሲያካፍል ደግሞ የሌላውን ሰርቨር ከከንቱ ድካም ያሳርፋል። አሁን ኮኮአፖድስ በ2026 መጨረሻ ላይ ማኅደሩ አዲስ ነገር መቀበል እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ዴቨሎፐሮችም ወደ ስዊፍት ፓኬጅ ማኔጀር እየተዛወሩ ነው። ዝውውሩ ዝርዝሩን አንድ በአንድ መክፈት ያስገድዳል። በየስሙ ላይ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ? የሚጠብቀው ማን ነው? ብቻውን ከሆነስ ምን ላግዘው?