ጠጥቶ መንዳት፣ ፍርድ ቤቱና ንስሐው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከፍርድ ቤት ደጃፍ የተነሣ ነው። ባለጉዳዩ ወንድማችን «ስሜን ሳይጠሩ ይንገሩት፣ ለሌላው ይጠቅማል» ብሎ ፈቅዶልኛል። በንስሐ የሰማሁት ቢሆን ኖሮ እርሱ ቢፈቅድም እኔ አልናገረውም ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። 55 ቀን የጾመ ሆድ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወንድማችን ከጓደኞቹ ጋር ወደ አንዱ ቤት ሄደ፤ ዶሮው ቀረበ፣ ጠርሙሱም ተከፈተ። ጥቂት ሸለብ አድርጎት ተነሣ፤ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፣ ቡናውን ፉት ብሎ ወደ ሥራ ወጣ። ሥራው የቤት ሹፌርነት ነው። መብራት ላይ የቆመ መኪና ከኋላ ገጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ፖሊስ መጣ፣ ተመረመረ፣ መጠጥ ተገኘበት።

እርሱ እስከ ዛሬ «አልሰከርኩም ነበር» ይላል። እኔም አምነዋለሁ። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ወይን ሲናገር ጠጪው ተመትቶ ምቱ እንደማይሰማው ነግሮናል። መስከሩን የማያውቅ ሰካራም እንዳለ ከሐኪሞች በፊት መጽሐፍ ያውቀዋል። ቡና እንቅልፍን ያባርራል እንጂ መጠጥን ከደም አያወጣም። የሚያወጣው ጉበት ነው፤ ጉበትም በራሱ ሰዓት ይሠራል፣ በእኛ ችኮላ አይፈጥንም። «ተኝቼ ተነሥቻለሁ» ማለት «በርዶልኛል» ማለት አይደለም።

ፓስፖርቱን ለዋስትና አስይዞ ከተለቀቀ በኋላ ማታውን ወደ ቤቴ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «አባታችን፣ ሌሊቱን በቅዳሴ እንዳሳለፍኩ፣ 55 ቀን እንደጾምኩ፣ መልካም አገልጋይ እንደሆንኩ የሚል ደብዳቤ ማኅተም አድርገው ይስጡኝ። ደክሞኝ ነው የገጨሁት እላለሁ።»

ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዕሩን አንሥቼ ነበር። ምክንያቱም የጠየቀኝ ነገር አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም እውነት ነው። ቅዳሴ አድሯል፤ እኔው ራሴ አቁርቤዋለሁ። ጾሟል። አገልጋይም ነው፤ ምንጣፉን የሚያነጥፈው እርሱ ነው። ነገር ግን እውነቶቹ ተደርድረው የሚሠሩት ሥራ አንድ ውሸት መሸፈን ነበር። የቅኔ መምህሬ «ሰሙ ያማረ ወርቁ የጠፋ ቅኔ ከመዝረፍ ዝም ማለት ይሻላል» ይሉን ነበር፤ ያ ደብዳቤ ሰም ብቻ ነበር። ደግሞም በቤተ ክርስቲያን ማኅተም! ቅዱስ ቁርባንን ለአልኮል መሸፈኛ ማድረግ ምን ይባላል? ብዕሩን አስቀመጥኩት። እርሱም ተቆጥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ደግሞ የባሰ ሰማሁ። ሹፌር ያልሆነ አንድ ጓደኛው፣ ከመኪናው ወርዶ የሄደ መስሎ፣ «የነዳሁት እኔ ነኝ» ሊል ተስማምቷል። ለወዳጅ ሲባል የተደረገ ደግነት መስሏቸዋል። ይህ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን የእግዚአብሔር ትእዛዝ ማፍረስ ነው፤ በምድራዊውም ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አንድ ሰው ሊከሰስበት የነበረውን ነገር ሁለት ሰው እንዲታሰርበት ማድረግ ነው።

አሁን ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ «አላወቅሁም» ማለት አያድንምና። በምንኖርበት በዐረብ ኢምሬት አዲሱ የትራፊክ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን ማለት ነው። በዚህ ሕግ ጠጥቶ የነዳ ሰው እስራት ወይም ከ20 ሺህ እስከ 100 ሺህ ድርሃም መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ያገኙታል። መንጃ ፈቃዱ በመጀመሪያው ጥፋት ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ ይታገዳል፣ በሁለተኛው ከ6 ወር ላላነሰ፣ በሦስተኛው ይሰረዛል። «ይህን ያህል ቢጠጣ ይፈቀዳል» የሚባል መጠን የለም። በወር 2500 ድርሃም ለሚያገኝ ሰው ትንሹ መቀጮ የ8 ወር ደመወዝ ነው፤ ያውም ሳይበላ፣ ለቤተሰብ ሳይልክ። ሰው ከሞተማ ሕጉ የሚያነሣው እስራት ከ1 ዓመት፣ ገንዘቡም ከ100 ሺህ ድርሃም አያንስም፤ የደም ካሣው 200 ሺህ ድርሃም ደግሞ ለብቻው ነው። ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ከፍሎ፣ ጠጥቶ የነዳውን ሰው ዞሮ ሊጠይቀው ይችላል። እስራት የተፈረደበትን የውጭ አገር ሰውም ዳኛው ከአገር ይውጣ ብሎ ሊያዝ ይችላል።

ይህን ስሰማ «እንግዲያው ንስሐ ገብቻለሁና በእግዚአብሔር ፊት ጉዳዬ አልቋል፣ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ «መከራከር ጥፋትን መካድ ነው» ብሎ የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፍትሐ ነገሥታችን መንፈሳዊና ሥጋዊ ተብሎ በሁለት የተከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን የነፍስን ዳኝነት ከሥጋ ዳኝነት አላምታቱም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሮጦ ያመልጥ የነበረ ሰው እንኳ ቆሞ ይዳኝ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቱት። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት ሳይፈረድበት ሮማዊን መግረፍ ይፈቀድ እንደሆነ መቶ አለቃውን ጠየቀው፤ በመብቱ ተከላከለ። በፊስጦስም ፊት ቆሞ ለሞት የሚያበቃ በደል ሠርቶ ከሆነ ከሞት እንደማይሸሽ ተናገረ፣ ወዲያውም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ተናገረ። ቅጣትን አለመሸሽና በሕግ መከራከር በአንድ ሰው አፍ አብረው ይኖራሉ። ጳውሎስ ንጹሕ ነበር፣ የእኛ ወንድም ግን ጥፋተኛ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ጥፋተኛም ቢሆን ላጠፋው እንጂ ላላጠፋው ሊቀጣ አይገባውም።

ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት ይህን አስቡ። የምርመራው ቃል የሚጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት አትፈርሙ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በቤት ውስጥ የምንናገረው የሠራተኛ ዐረብኛ ለገበያ ይበቃል፣ ለዐቃቤ ሕግ ግን አይበቃም። የታሰረ ሰው ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ዱባይ ቆንስላ፣ አቡዳቢ ኤምባሲ አለን። ጠበቃው ምርመራው በትክክል መደረጉን፣ ናሙናው የእናንተው መሆኑን፣ ቃላችሁ በትክክል መተርጎሙን ቢጠይቅ ሥራው ነው፤ ኃጢአት የለበትም። የመጀመሪያ ጥፋት መሆኑን፣ የተገጨው መኪና ባለቤት መካሱን ነግሮ ቅጣት ማቅለያ ቢለምንም መልካም ነው። የይግባኝ ቀን አጭር ስለሆነ ፍርዱ በተሰማበት ዕለት መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ። «ዋስታ አለኝ፣ ፋይልህን አጠፋልሃለሁ» የሚላችሁን ግን ሽሹት፤ ገንዘባችሁን ወስዶ ሁለተኛ ክስ ያመጣባችኋል።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ጓደኛውን አግኝቼ ስለ ምስክርነቱ ተነጋገርን፤ እርሱም ፈርቶ ኖሮ አለቀሰ፣ ተወው። ማኅበሩ ለጠበቃና ለአስተርጓሚ አዋጣ። በቀጠሮው ቀን እኔም ቀሚሴን ለብሼ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እርሱ ዞር ብሎ አየኝና መልሶ ፊቱን አዞረ። ዳኛው ሲጠይቀው ግን ድካምም ቅዳሴም አላነሣም። «ጠጥቼ ነበር፣ ጥፋቴ ነው» አለ። ጠበቃው የቀረውን ተናገረ።

አልታሰረም። መቀጮው ተወሰነበት፣ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፣ ሥራውንም አጣ። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ዕዳውን በየወሩ ይከፍላል። አገር ቤት ያለችው እናቱ የሚላክላት ለምን እንዳነሰ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ «እርሷን ምን ልበላት?» ብሎ ጠይቆኛል፣ እኔም መልሱን ገና እያሰብኩበት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ነው። ንስሐውን ተቀበለ፤ የሰጠሁት ቀኖና በእርሱና በእኔ መካከል ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል፤ ወንድማችንም የገጨውን ሰው ሄዶ በቃሉ ይቅርታ ጠይቋል። ሰውየው ሕንዳዊ ነው፤ ሻይ ጋብዞት ነው የሸኘው አሉ።

መጪው ፋሲካ ሩቅ አይደለም። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል። በዚያ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ የማይጠጡ ሹፌሮች ሰው ያደርሳሉ፤ እስካሁን አምስት ወንድሞችና አንዲት እኅት ፈቃደኛ ሆነዋል። ማልዶ ሥራ ያለበት በዚያ ሌሊት ፈጽሞ አይቅመስ፤ የጾሙን መፍቻ በዶሮና በእንጀራ ያድርገው፣ ጠርሙሱ ዕረፍት ቀኑን ይጠብቀው። አስተናጋጅ የሆናችሁ እኅቶች፣ የእንግዳውን የመኪና ቁልፍ ከመሶቡ አጠገብ በሳህን ሰብስቡ፤ ቢቀየምም ይቀየም፣ እኔ አስታርቃለሁ። መኪና ያላችሁና ማገልገል የምትፈልጉ ደግሞ እስከ ሆሣዕና ድረስ ለጉባኤው ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።