ቀላዋጭ ማን ነው?

«ቀላዋጭ» የሚለው ቃል ሳይጠራ ከሰው ማዕድ የሚቀርበውን፣ ከድግስ ድግስ የሚዞረውን ሰው የሚነቅፍ ስድብ ነው። ሆኖም ያለዋጋ የበላውን ሁሉ አይነካም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ቢዞር ቀላዋጭ አይባልም፤ የለመነው ቁራሽ የትምህርቱ ስንቅ ነውና። በተዝካር የሚመገበው ነዳይም እንዲሁ፤ ማዕዱ ለእርሱም ጭምር ተዘርግቷል። መንገደኛውን ደግሞ «እንብላ» የሚለው ግብዣ ከነቀፋ ያድነዋል።

እንግዲህ የቃሉ ሚዛን የሌላውን ድካም እንደ ራስ ድርሻ መቁጠር ነው። በደቦ የጎረቤቱን ጉልበት ተጠቅሞ፣ ብድር የሚመልስበት ቀን ሲደርስ ማጭዱን የሚደብቅ ሰው ስሙን በሚገባ አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ይህ ሚዛን ለሁሉ እኩል ሲያዝ አልኖረም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስ፣ ብዙው ጭሰኛ ካመረተው እስከ እኩሌታ የሚደርሰውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ስድቡ ግን የሚወድቀው በባለመሬቱ ሰርግ ጥግ ይዞ ፍርፋሪ በሚጠብቀው ድኃ ላይ ነበር። ፍርፋሪ የለቀመው ተሰደበ፤ ጎተራ ያስገለበጠው ጌታ ተባለ። ቃሉ እውነተኛ ፍርድ የሚሆነው በባለጎተራው ፊትም ሲነገር ነው።