የአጥማጁ ምስጢር

ዓሣ አጥማጅ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ መረቡ ግን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1986 በምሥራቃዊው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ለቱና በተዘረጋ መረብ ከ130 ሺህ በላይ ዶልፊኖች አልቀዋል። ዶልፊን አጥቢ እንስሳ ነውና ወደ ላይ ወጥቶ አየር ካልሳበ ታፍኖ ይሞታል። በ1992 በተደረገ ስምምነት በእያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ላይ ታዛቢ ተቀመጠ፤ ለየመርከቡም የሞት ወሰን ተደነገገ። የታዛቢዎቹ መዝገብ በአንድነት ሲመረመር አደጋው የሚበዛው የባሕሩ ውስጥ የውሃ ፍሰት ሲበረታ፣ መሣሪያ ሲበላሽና ሲመሽ መሆኑ ታወቀ፤ ዕውቀቱም ለካፒቴኖቹ ተመለሰ። በ1993 የሞቱት ከ4 ሺህ ያነሱ ነበሩ።

በጣና ዶልፊን የለም። ነገር ግን በክረምት ነጭ ዓሣ የምንለው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞች ይወጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው የእኛው መገጭ ነው። በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቀዋል፤ ብርብራ ወቅጦ የሚበትንም አለ። ይህ እንደ ዶልፊኑ ሳይፈለግ የሚያዝ አይደለም፤ ተፈልጎ ነው። የሚያመሳስላቸው ግን ጥፋቱ ከአንድ ጀልባ ላይ ሆኖ የማይታይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ፤ በሐይቁ ደቡብ በተደረገ ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ነጭ ዓሣ በ75 ከመቶ ያህል ቀነሰ። እያንዳንዱ አጥማጅ ያየው የራሱን ቅርጫት ብቻ ነው።

እንግዲህ አጥማጁ የት፣ መቼና ስንት እንደ ያዘ የመናገር ግዴታ አለበትን? ፈጥነው «አዎን» የሚሉ አሉ። እኔ አልቸኩልም። ያ ሥፍራ ከአባቱ የተማረው፣ ለልጁ የሚያወርሰው ብቸኛ ሀብቱ ነው። ቢናገር ጎረቤቱ ቀድሞት ይሄዳል፤ በገዛ ቃሉም ዓሣ ማጥመድ ይከለከላል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ «አላውቅም» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ውሸታም ከማለታችን በፊት ጠያቂው ምን እንደ ሰጠው እንመርምር። ሥፍራውን በምስጢር ጠብቆለታልን? ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ፣ ክረምቱ ሳይገባ መልሶለታልን? በመዝጊያው ወራት ቤተሰቡ የሚበላውን አስቦለታልን? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አዋጅ ግን በየታንኳው ተቀምጦ አይቆጥርም።

ይህን ካልን በኋላ ግን የአጥማጁም ዝምታ ንጹሕ አይደለም። በመገጭ አፍ እንቁላሉን ሳይጥል የተያዘው ዓሣ ዘሩ በሐይቁ ማዶ ለሌላ ሰው እንጀራ ይሆን ነበር። ሐይቁ የጋራ ከሆነ ስለ ሐይቁ የሚታወቀውም በከፊል የጋራ ነው፤ «በከፊል» ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በየመንደሩ መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች አሉ። ዓሣው በሚመዘንበት ዳርቻ ኪሎውን ብቻ የሚመዘግብ ደብተር ዓሣው እንቁላል ያዘለ መሆኑን አይነግረንም። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ማስመር ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ደብተሩን በመጨረሻ ማን እንደሚያነበው ለአጥማጁ አስቀድሞ መንገሩ ነው።