ሰው በእንስሳት ዘር ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

እግዚአብሔር እንስሳትን እንደየወገናቸው ከፈጠረ በኋላ ሰውን በእነርሱ ላይ ገዥ አድርጎ እንደ ሾመው በኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፏል። የተሾመ ሁሉ ግን ለሿሚው መልስ የሚሰጥበት ቀን አለው። ስለዚህ ወንዱን ከሴቲቱ መርጦ የሚያገናኝ፥ ይህን ዘር አስቀርቶ ያንን የሚያበዛ ሰው በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ነገሩ የባላገር ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ የኅሊናም ሥራ መሆኑን ከፍጻሜው ያገኘዋል።

በላስታና በዋድላ ደጋ የሚኖር ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ከኮን ተነሥቶ ቁልቁለቱንና አቀበቱን የሚያልፍ መንገደኛ፥ ወደ ክብረ በዓል የሚገሠግሥ ካህን፥ እህል የሚጭን ነጋዴ፥ ሁሉም በበቅሎ ብርታት ሲጠቀም ኖሯል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዋድላ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ በብዙ ሺህ በሚቈጠሩ በቅሎዎች ተገልግሏል። በቅሎ ግን በራሷ ወገን የምትራባ ፍጥረት አይደለችም፤ አውራ አህያ ከባዝራ ጋር ሲገናኝ ትገኛለች። የዘመናችን ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ክሮሞዞም የሚባለው የዘር ተሸካሚ በፈረስ 64፥ በአህያ 62 ነው፤ በቅሎም ከእያንዳንዱ እኩሌታውን ወስዳ 63 ይኖራታል። ይህም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለማይገጥም፥ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አትወልድም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ኦሪት ዘሌዋውያን (19፥19) እንስሳን ከልዩ ወገን ጋር ማዳቀልን ይከለክላል፤ ንጉሥ ዳዊት ግን ልጁን ሰሎሞንን በገዛ በቅሎው አስቀምጠው እንዲወስዱት አዝዟል (1ኛ ነገ. 1፥33)። ይህ እንደምን ይስማማል ቢሉ፥ እስራኤል በቅሎን በንግድና በግብር አገኙ እንጂ አላዳቀሉም የሚል መልስ አለ። በቅሎ ለሰሎሞን በገጸ በረከት መምጣቷ ተጽፏልና (1ኛ ነገ. 10፥25) መልሱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ኅሊናን አያሳርፍም፤ እኔ ብሠራው ኃጢአት የሚሆንብኝን ነገር ሌላው ሠርቶት በገንዘብ ብገዛው ንጹሕ አልሆንምና። እኛ የሚሻል ብለን የምንይዘው ይህን ነው፤ በዚያው ቍጥር ሁለት ዓይነት ዘር በአንድ እርሻ መዝራትና ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ መልበስም ተከልክሏል። እነዚህ ሁሉ ሕዝቡ ከአሕዛብ አምልኮ ጋር እንዳይቀላቀል በዓይኑ እያየ የሚማርባቸው ምሳሌዎች ነበሩ። ሐዋርያው ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ እንዳንጠመድ ሲመክር (2ኛ ቆሮ. 6፥14) የምሳሌውን ፍች ሰጥቶናል። የፊደሉ ግዴታ ቢያልፍም ምክሩ ጸንቶ ይኖራል።

መርጦ ማገናኘት በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ከያዕቆብ እንማራለን። እርሱ ብርቱዎቹ በጎች ለስሪያ በሚፈላለጉበት ጊዜ በትሮቹን በፊታቸው ያቆም ነበር (ዘፍ. 30፥41)። በኋላ በሕልም የታየው ግን መንጋውን የሚሰርሩት አውራዎች ዝንጕርጕር መሆናቸው ነው፤ እርሱም ሀብቱን ለእግዚአብሔር እንጂ ለበትሩ አልሰጠም (31፥9-12)። እንግዲህ የመጀመሪያው ሚዛን፥ ሰው ይምረጥ፥ ፈጣሪ ግን አይምሰለው የሚል ነው።

ሁለተኛው ሚዛን የሚወለደው ፍጥረት ነው። በባሕር ማዶ ሰዎች በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውንና በፈራ ጊዜ እንደ ኳስ የሚጠቀለለውን ዘንዶ በቤታቸው ያረባሉ፤ ስለ ቆዳው መልክም ወንዱን ከሴቲቱ እያማረጡ ያገናኛሉ። «ሸረሪት» ብለው የሰየሙት አንዱ ዘር መልኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከዚያው መልክ ጋር ራስን የሚያንቀጠቅጥና ሚዛንን የሚያሳጣ ደዌ አብሮ ይወለዳል። ይህን እያወቀ ስለ ዋጋው ብሎ የሚያራባ ሰው ምን ይባላል? እባብ ነው፥ ምን ይጎዳናል የሚል ቢኖር፥ እባብንም የፈጠረው እርሱ ራሱ አምላካችን ነው። በቅሎ ባትወልድም ጤነኛና ብርቱ ሆና ትኖራለች፤ ለመታየት ብቻ ታማሚ ሆኖ እንዲወለድ የተደረገው ግን በፈጣሪ ፊት ይከሰናል።

ይህን ስንል ግን በሰው አገር ብቻ የምንፈርድ እንዳንሆን ወደ ገዛ በረታችን እንመለስ። ፈጥኖ ያደገው አውራ በግ ለፋሲካ ገበያ ይነዳል፤ ገዥ ያጣው ደካማ ቀርቶ ለመንጋው አባት ይሆናል። እርሱም ሳይለወጥ ሲቈይ የገዛ ልጆቹን ይሰርራል፤ ግልገሎቹም እየቀጨጩና እየሞቱ ይሄዳሉ። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ እየቈጠርን፥ ለመንጋችን አንድ ቤት እንኳ አንቈጥርም። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን ለመሥዋዕት ያቀረቡትን ገሥጿል (1፥8)፤ የተሻለውን ለገንዘብ፥ የከፋውን ለሚመጣው ትውልድ የሚተው ሰውም ከዚህ ተግሣጽ አያመልጥም። እኛ ካህናትም የበዓሉን በግ ስናመሰግን ለዘር የቀረው የትኛው እንደ ሆነ አንጠይቅም። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። በመንዝ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ምርጡን አውራ ለዘር እያስቀሩ በየተራ ይጠቀሙበታል፤ የእኛም መንደር ከጎረቤቱ ጋር አውራ ቢለዋወጥ ይበቃዋል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ሚዛን ለእንስሳ እንጂ ለሰው አይደለም። ልጁን እንደ ከብት በሀብት አማርጦ የሚያጋባ አባት፥ መውለድ የተሳናትንም እኅት በበቅሎ የሚመስል አንደበት ወሰን አልፈዋል፤ ሰው ስለሚሰጠው ዘር ሳይሆን ስለ ተፈጠረበት መልክ ይከበራልና። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እያልን እንስቃለን። ሆኖም ሰሎሞን ሊነግሥ በእርሷ ተቀምጦ ሄደ፤ ጌታችንም ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ የመረጠው ያፈረችበትን የአባቷን ወገን ነው። እርሱ ያልናቀውን እኛ እንዳንንቅ፥ ያደራረገንንም አደራ በርኅራኄ እንድንጠብቅ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።